ምዕራፍ ሃያ ሦስት፦ የኳስ ተጫዋቹ ድንጋይ

መኪናዋ በአሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ካለው ሀቫና ጎዳና ወጥታ ወደ ሀይዌዩ ስትታጠፍ ድንጋዩ ተንከባሎ የሚስተር ዋልተርን ቁርጭምጭሚት መታ።

«ፋውል!» ብለው ጮኹ ሽማግሌው፣ እጃቸውን ወደ ጣሪያው አንስተው። «ዳኛው የት ነው ያለው?»

ነጂው አብዱልናስር ሳቅ አመለጠው። ከሽማግሌው ጎን የተቀመጠችው አስታማሚያቸው ሰርካለም ግን ጥርሷን አላሳየችም። ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ወደ ራሷ ሳበችና በሁለት እግሮቿ መሐል አጣብቃ ያዘችው። መጅ የሚያክል ግራጫ ድንጋይ ነው። ጠዋት ከሚስተር ዋልተር ግቢ አምስት ድንጋይ አንስታ፣ በእጇ መዝና መዝና የመረጠችው፤ ከብዶ እንዳይጥላቸው፣ ቀሎም እንዳያስቀልድባቸው።

ዕለቱ ጸሎተ ሐሙስ ነበር፣ ሁዳዴና ረመዳን በገጠሙበት በዚያ ዓመት። ነጂው ጾመኛ፣ አስታማሚዋም ጾመኛ። ከሦስቱ እህል የቀመሱት ሚስተር ዋልተር ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም መብላታቸውን ረስተው «ዛሬ ቁርስ የሚባል ነገር የለም እንዴ?» እያሉ ከቤት ጀምሮ ሲያማርሩ ነው የመጡት።

«እትዬ ሰርካለም» አለ አብዱልናስር በመስተዋቱ እያያት፣ «አሁንም ልጠይቅሽ። ድንጋዩ የግድ ነው?»

«የግድ ነው።»

«አበባ ቢሆንስ? እዚህ አገር ሰው ሲያጠፋ አበባ ይዞ ነው የሚሄደው። መንገዳችን ላይ ሱቅ አለ።»

«አበባ ለታመመ ነው። ጉልበት የሰበረ ድንጋይ ነው የሚሸከመው።»

«ይኼ ሕግ የት ተጽፎ አየሽው?»

«አልተጻፈም። ቢጻፍስ መቼ ማንበብ እወዳለሁና? አንተ ንዳ!»

አብዱልናስር ነዳ። ሰርካለም አንዴ ካለች አለች ነው። ከአራተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ፣ እስከ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ማንም ሳይመልሳት የኖረች ሴት ናት። አብዱልናስር ከአየር ማረፊያው መንገደኛ ሲያመላልስ የሚውል ነጂ ነው። የምትኖርበት አፓርትመንት ጎረቤቷ ስለሆነ፣ ፊቷ ሲጠቁር ከእሷ ጋር መከራከር ትርፉ ድካም መሆኑን ያውቃል።

ሚስተር ዋልተር ኦግደን ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። እንግሊዝ አገር፣ ላንክሻየር በሚባል የጥጥ ፋብሪካ በበዛበት አውራጃ ተወልደው፣ ኳስ እየተጫወቱ እንጀራ የበሉ ሰው ናቸው። ኳሱ በዘር ነው የመጣባቸው። አያታቸው በአዘቦት ፋብሪካ እየዋሉ፣ ቅዳሜ እየተጫወቱ፣ ለጨዋታቸው ከተከፈላቸው ከመጀመሪያዎቹ እንግሊዞች አንዱ ነበሩ። በዚያ ዘመን ጨዋ ሰው ለክብሩ እንጂ ለገንዘብ አይጫወትም ይባል ስለነበር፣ ደመወዛቸው ሰው ሳያይ ታኬታቸው ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጥላቸው ነበር አሉ። እኒያ አያት በተጫዋችነታቸው የተሸለሟት ዘርፍ ያላት ሰማያዊ የከፋይ ቆብ ዛሬ በልጅ ልጃቸው ራስ ላይ ነች። ካለዚህች ቆብ ንቅንቅ አልልም ብለው ሲሟገቱ ሰርካለም «ግዴለም፣ ካህን ያስመስልዎታል፣ ለነገራችንም ይበጃል» ብላ ራሷ ደፋችላቸው።

እሳቸውም በዐሥራ ሰባት ዓመታቸው ፈርመው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የመሐል ተከላካይ ሆነው ተጫወቱ። ልጅ ሳሉ ኳሷ ከወፍራም ቆዳ ተሰፍታ በጠፍር የምትታሰር ነበረች። ዝናብ ሲመታት ውኃ ትጠጣና እንደ ዱባ ትከብዳለች። እሷን በቴስታ ሲመልሱ ነው የኖሩት። ጠፍሩ የቀደደው ጠባሳ ዛሬም ግንባራቸው ላይ አለ። ሐኪሙ ለልጃቸው «ከውጭ ያለው ጠባሳ ምንም አይደል፤ የጎዳቸው ከውስጥ ያለው ነው» ብሎ ነግሯታል።

ጉልበታቸው መድከም ሲጀምር፣ አሜሪካኖቹ አዲስ ሊግ አቋቁመው ያረጁ እንግሊዞችን ይሰበስቡ ስለነበር፣ ዴንቨር መጡ። ዴኒስ ፕራት የሚባል የሃያ አራት ዓመት አጥቂም ከዚያው ከአውራጃቸው አብሯቸው መጣ። በሁለተኛው ዓመት ክለቡ ሲንገዳገድ አሰልጣኙ ሁለቱን ጠርቶ፣ ከሰኞ በኋላ የምናስቀረው አንድ እንግሊዛዊ ብቻ ነው አላቸው። በማግስቱ ልምምድ ላይ የዴኒስ ቀኝ ጉልበት ተሰበረ። ተንሸራተው የገቡበት ዋልተር ናቸው። ወዲያው ልጁን በትከሻቸው ተሸክመው እስከ መኪናው ድረስ የሮጡትም ዋልተር ናቸው። ያየ ሁሉ አደጋ ነው አለ። ዴኒስ ራሱ አደጋ ነው አለ።

ዴኒስ ከዚያ በኋላ ኳስ አልነካም። ዋልተር ዐሥራ አንድ ጨዋታ ተጫወቱና ክለቡ ፈረሰ።

«ለዐሥራ አንድ ጨዋታ» አሏት ለሰርካለም ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እግራቸውን በገንዳ ስታጥብላቸው። «ሆን ብዬ ነው፣ ሰርካ። ለዐሥራ አንድ ጨዋታ ብዬ።»

ከዚያ አልጋቸው ሥር ያለውን የድሮ የታኬታ ካርቶን አስወጧት። ውስጡ አርባ ሰባት የገና ካርድ ነበረ፤ ዴኒስ በየዓመቱ፣ አንድም ዓመት ሳያስታጉል የላካቸው። ሁሉም ላይ ያለው ቃል አንድ ዓይነት ነው፦ «በትከሻህ የተሸከምከኝን አልረሳም።» ዋልተር ለአንዱም መልስ አልላኩም። ሁለቱም እዚሁ ቀርተው፣ አንዱ ኦሮራ አንዱ ኮሜርስ ሲቲ፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ ተራርቀው አረጁ።

ዋልተር ስልክ ሊደውሉ ሞከሩ፤ ቁጥሩን እስኪጨርሱ ለማን እንደሆነ ይጠፋባቸዋል። ደብዳቤ ጀመሩ፤ «ውድ ዴኒስ» ከሚለው አላለፈም። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸው መጥታ አሪዞና፣ አእምሯቸው የከዳቸው ሰዎች ወደሚጠበቁበት ቤት ትወስዳቸዋለች። ከዚያ ወዲያ ማን ምኑን አስታውሶ ለማን ይናገራል?

ሰርካለም ይቅርታ እንዴት እንደሚኬድ ታውቃለች። አባቷ በመሬት ተጣልተው የወንድማቸውን ክንድ በዱላ የሰበሩ ጊዜ፣ አንገታቸው ላይ ድንጋይ አድርገው ሽማግሌ አስቀድመው ሄዱ። ወንድምየው ከቤት ወጥቶ በደህናው እጁ ድንጋዩን አወረደላቸው። አለቀ። ያጠፋ አይናገርም፤ ሽማግሌ ይናገርለታል። ድንጋዩን ከተበደለው ሰው በቀር ማንም አያወርደውም። ይኼንን ስትነግራቸው ሚስተር ዋልተር ብዙ ቀን ያልታየ ብርሃን ፊታቸው ላይ ታየ። «ይኼ ነው ትክክል» አሉ። «ስንት ኪሎ?»

የዕድሯን ሽማግሌ አቶ ወልደየስን ብትለምናቸው ግን «በሰሞነ ሕማማት መስቀል እንኳ አንሳለምም፤ ከትንሣኤ በኋላ እንሄዳለን» አሏት። «ከትንሣኤ በኋላ ሰውዬው የሉም!» ብላ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋችና የአብዱልናስርን በር አንኳኳች።

«ሽማግሌ ትሆናለህ።»

«እኔ? ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው እኮ!»

«ጺም አለህ፣ ይበቃል።»

ኮሜርስ ሲቲ ሲደርሱ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሆኗል። ነፋሱ ከመጋዘኖቹ በኩል አቧራ ይዞ ይመጣል። የዴኒስ ፕራት ቤት ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለች ትንሽ የጡብ ቤት ነች። የሰርካለም ስልክ ሁለት ጊዜ ጠራ፤ ለአስታማሚነት የቀጠራት ኤጀንሲ ቁጥር ነው። ሚስተር ዋልተር ካለ ልጃቸው ፈቃድ ከቤት እንዳይወጡ ተብሏል። ሰርካለም ስልኩን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው።

«እዚህ ፓርክ አድርግ። ሞተሩን አጥፋ፣ ልንሸሽ የመጣን አስመሰልከው።»

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አራት አጠፈችና የሽማግሌው ማጅራት ላይ አነጠፈች፤ ድንጋዩን በላዩ አስቀመጠችው። ሚስተር ዋልተር ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ያዙት። የቆቡ ዘርፍ ፊታቸው ላይ ተንጠለጠለ።

«ተመልካቹ ሕዝብ ስንት ይሆናል?» ብለው ጠየቁ ወደ መሬት እያዩ።

«ሦስት ነን» አለች።

«በዝናብ ጊዜ እንደዚሁ ነው» አሉና እርምጃቸውን ጀመሩ።

ደወሉን የተጫነው አብዱልናስር ነው። በሩ ላይ ያለች ትንሽ ካሜራ ሰማያዊ መብራት አበራች። የሽማግሌ ድምፅ ከውስጧ ወጣ፦ «ምን ፈለጋችሁ?»

አብዱልናስር እንግሊዝኛው ደህና ነው፤ ነገር ግን ሽምግልና የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፈልጎ ፈልጎ አጣው።

«ለሰላም ነው የመጣነው ጌታዬ» አለ።

«ሰውዬው የያዘው ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ ለምን?»

«እሱም ለሰላም ነው።»

ከውስጥ የስልክ ቁልፍ ሲነካ ተሰማ። «ፖሊስ ጠርቻለሁ» አለ ድምፁ።

አብዱልናስር ወደ ሰርካለም ዞረ። ከንፈሩ በጾም ደርቋል። «እትዬ፣ እንሂድ። ጥቁር ሴት፣ ጺማም ነጂ፣ ድንጋይ ያነገተ ፈረንጅ። ይኼን ለፖሊስ ማን ያስረዳል? እኔ አላህ ያውቃል ቃሉ የለኝም!»

ያን ጊዜ ነው ሰርካለምን ፍርሃት የያዛት። በአባቷ ጊዜ ድንጋይ ያነገተ ሰው ብቅ ሲል ውሻ እንኳ አይጮኽበትም ነበር። ማንም አይቶ ያውቀዋል። እዚህ ግን ድንጋይ መስተዋት መስበሪያ ነው፣ ራስ መፈንከቻ ነው። ይኼን ሳታስብ፣ አንድ ሽማግሌ በሰው በር ላይ እንደ ሌባ አስቆመች። ፖሊሱ ችኩል ቢሆንስ?

«ሰርካ» አሉ ሚስተር ዋልተር በቀጭን ድምፅ። «ይኼ የማን ቤት ነው?»

ጎንበስ ብላ ዓይናቸውን አየችው። ባዶ ነበር። መንገድ ላይ ያስታውሱ የነበረው ሁሉ፣ ከመኪናው እስከ በሩ ባለው ሃያ እርምጃ ውስጥ ረግፏል።

«የሚስተር ዴኒስ ቤት ነው» አለች ጮክ ብላ፣ ካሜራዋ እንድትሰማ። «የዴኒስ ፕራት! እሳቸው ሚስተር ዋልተር ናቸው! ዋልተር ኦግደን!»

ከውስጥ አንድ ነገር ወደቀ። መቆለፊያው ተንቋቋ። በሩን የከፈቱት ረጅም፣ ጸጉራቸው የሳሳ ሰው ናቸው። ቀኝ እግራቸው እንደ ምርኩዝ ቀጥ ያለ ነው፤ ጭራሽ አይታጠፍም። ፊታቸው በአንዴ እንደ ልጅ ፊት በራ።

«ዋልተር! አንተ ነህ? አምላኬ፣ አንተ ነህ!»

ሚስተር ዋልተር እንደጎነበሱ ፈገግ አሉ፤ ሰው ሲስቅላቸው የሚስቁት ፈገግታ ነው። ዴኒስ በደስታ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ሰርካለም ዞሩ። «ይኼ ሰው በትከሻው ተሸክሞ አድኖኛል፤ ታውቂያለሽ? ግን ይኼን ነገር ለምን አሸከማችሁት?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። አብዱልናስርም በዓይኑ ዝም በይ አላት። አንዱ ሽማግሌ ጥፋቱን ረስቷል፣ ሌላው ጓደኛዬ መጣ ብሎ ደስ ብሎታል፤ ድንጋዩን አውርዶ ተቃቅፎ መለያየት ምን ነበረበት? ግን ሰውዬው ያስታወሱ ጊዜ የለመኗት እሷን ነው። አሁን ቢረሱም ቃላቸው እሷ ዘንድ አደራ ነው። አደራ ደግሞ ባለቤቱ ረሳው ተብሎ አይበላም።

የእሷ እንግሊዝኛ የሥራ እንግሊዝኛ ነው፤ ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ መድኃኒት፣ የት ያምዎታል። በእሱው ተናገረች።

«ይኼ ሰው፣ የእርስዎን እግር ሰበረ። አክሲደንት አይደለም። አስቦ ነው። አንድ ሰው ብቻ ይቀራል ተባለ። እሱ መቅረት ፈለገ። ሰበረዎት። ከዚያ ተሸከመዎት። አርባ ሰባት ዓመት ያመዋል። እዚህ።» ደረቷን በመዳፏ መታች። «ይቅር በሉኝ ይላል። ድንጋዩ የይቅርታ ነው። በእኛ አገር።»

የዴኒስ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ነፋሱ የበሩን መረብ እያንገጫገጨ መታው።

«ዋልተር» አሉ በመጨረሻ። «ይቺ ሴትዮ የምትለው ምንድን ነው?»

ሚስተር ዋልተር ቀና ለማለት ሞከሩ፤ ድንጋዩ አልፈቀደላቸውም። ከቆቡ ሥር የዴኒስን እግር፣ ያንን የማይታጠፈውን፣ ትክ ብለው አዩት። ሰርካለም ከዚያ እግር ላይ አንድ ነገር ሲያነሱ የምታይ መሰላት።

«ኳሷ ግራ እግርህ ላይ ነበረች፣ ዴኒስ» አሉ። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ነበር። «አየኋት። እኔ ግን ቀኝህ ላይ ገባሁ።»

ኳስ የተጫወተ ሰው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም። የዴኒስ ፊት ላይ የነበረው ብርሃን ሰው እፍ እንዳለው ጧፍ ጠፋ።

የፖሊስ መኪና ከጥጉ ታጥፋ መጣች። አንድ ወጣት ፖሊስ እጁን መታጠቂያው ላይ አድርጎ ወረደ። አብዱልናስር ሁለት እጁን ከኪሱ አውጥቶ ከጎኑ ዘርግቶ ቆመ፤ ከንፈሩ ብቻ በዱዓ ይንቀሳቀሳል።

«የደወልከው አንተ ነህ፣ ጌታዬ?» አለ ፖሊሱ። «ምን ተፈጠረ?»

ዴኒስ የሚስተር ዋልተርን ጎንበስ ያለ ማጅራት አዩ።

«ተሳስቼ ነው» አሉ። «አብረን ኳስ እንጫወት ነበር።»

«ድንጋዩስ?»

«የእኔ ነው።»

ፖሊሱ አራቱንም አንድ በአንድ አያቸው፤ አንድ ነገር ጻፈ፤ ነገሩ ሳይገባው ተመልሶ ሄደ።

ዴኒስ ያንን ቀጥ ያለ እግራቸውን እየጎተቱ ሁለቱን ደረጃ ወረዱ። ከሚስተር ዋልተር ማጅራት ላይ ድንጋዩን ከነነጠላው አነሱት። ሚስተር ዋልተር ቀስ እያሉ ቀና አሉ። ሰርካለም «ተመስገን» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ዴኒስ ድንጋዩን መሬት ላይ ሊያስቀምጡት ጎንበስ አሉና ግማሽ ላይ ቀሩ። ጉልበታቸው አልታጠፈም። እንደገና ሞከሩ። አልቻሉም። ድንጋዩን ታቅፈው፣ ላብ ግንባራቸው ላይ ወጥቶ፣ ቆሙ።

አብዱልናስር ሊያግዛቸው ተራመደ።

«አትንካኝ!» አሉ ዴኒስ።

ሚስተር ዋልተርም እጃቸውን ዘረጉ፤ ባዶ እጆች። ዴኒስ እጆቹን አዩአቸው። ከዚያ ዞረው፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጥተው፣ ድንጋዩን እንደታቀፉ ገቡና በሩን በክርናቸው ዘጉት።

ሦስቱም ውጭ ቀሩ።

«እትዬ» አለ አብዱልናስር። «አሁን ይቅር አለ ማለት ነው?»

ሰርካለም አሰበች። ድንጋዩ ሲነሳ ይቅርታ ነው። ሳይነሳ ሲቀር እምቢታ ነው። ይዞ ቤት መግባትን ግን አባቷም አልነገሯት፣ የትም አላየችም።

«አላውቅም» አለች። አብዱልናስር ይኼን ቃል ከአፏ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

ሽማግሌ ሳይሰናበት አይሄድምና ትንሽ ቆሙ። በመስኮቱ በኩል ዴኒስ ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ታዩ። ቀኝ እግራቸው ወደ ፊት ተዘርግቷል፤ ድንጋዩን እዚያው፣ ያ ጉልበት ላይ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። አያለቅሱም፤ አይናደዱም። ድንጋዩን ብቻ ያዩታል። መጋረጃውን ግን አልሳቡትም።

ሚስተር ዋልተር ባዶ ማጅራታቸውን እያሹ በመስኮቱ አዩ። «ያ ሰውዬ» አሉ፣ «ብርድ ያመዋል መሰለኝ።» ከዚያ ወደ ሰርካለም ዞረው፦ «ቁርስ አለ?»

«አለ፤ ይምጡ» ብላ ክንዳቸውን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደቻቸው።

አብዱልናስር ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል ትከሻዋን አይቶ ደነገጠ። «ነጠላሽ! ከድንጋዩ ጋር ገባ እኮ። ነገ ስቅለት አይደል? ልውረድና ልጠይቀው።»

«ተቀመጥ።»

«በምን ልትሰግጂ ነው?»

«ሌላ እዋሳለሁ። የሰው ዕቃ ቤቱ ያደረበት ሰው እንቅልፍ አይወስደውም፤ ሊመልስ ይነሳል።» ወደ መስኮቱ አንድ ጊዜ ብቻ ዞራ አየች። «ልጃቸው እስክትወስዳቸው፣ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ጊዜ አለው። የእሳቸውንም ቤት ያውቀዋል፤ አርባ ሰባት ዓመት ካርድ የላከበት ቤት ነው። ንዳ።»